ማን ማንን ጣለ በሚል ብቻ ደረጃ አይወጣም

ይድረስ ለጋዜጣው የስፖርት ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት በስፖርት ገጻችሁ የ1970ዎቹን የከባድ ሚዛን ቦክሰኞች ደረጃ ያወጡት ጸሐፊ ጆርጅ ፎርማንን ከሁሉም በላይ አስቀምጠዋል። ምክንያታቸው አጭር ነው፤ ጆ ፍሬዚየር መሐመድ አሊን አሸነፈ፣ ኬን ኖርተን የአሊን መንጋጋ ሰበረ፣ ፎርማን ደግሞ ሁለቱንም በሁለት በሁለት ዙር ዘረራቸው። አሊ ኪንሻሳ ላይ ፎርማንን መጣሉን «የላላ ገመድ ሥራ» ብለው አልፈውታል፤ የሜዳው ገመድ ሆን ተብሎ ስለላላለት ተደግፎበት አመለጠ ለማለት ነው። ኖርተንን ወደ ታች ገፍተውታል፣ ጂሚ ያንግን ጭራሽ አላነሱትም፣ ላሪ ሆልምስን «ባዶ ቤት የወረሰ» ብለውታል። ለጸሐፊው ያለኝ አክብሮት እንዳለ ሆኖ፣ ያ ዘመን በዚህ ስሌት አይለካም። ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

እስቲ ስሌቱን እስከ መጨረሻው እንከተለው። ፎርማን ኖርተንን ማርች 26 ቀን 1974 ካራካስ ላይ በ2ኛው ዙር ጣለው። ኖርተን ኖቬምበር 5 ቀን 1977 ላስ ቬጋስ ላይ ጂሚ ያንግን በ15 ዙር በነጥብ አሸነፈ። ያንግ ደግሞ በዚያው ዓመት ማርች 17 ቀን ፖርቶ ሪኮ፣ ሳን ሁዋን ላይ ፎርማንን በ12 ዙር በነጥብ አሸንፎታል፤ በመጨረሻው ዙር መሬት አስነክቶት ጭምር። እንግዲህ ከሦስቱ አንደኛው ማን ነው? ሌላም አለ። ጄሪ ኳሪ ዲሴምበር 14 ቀን 1973 ኧርኒ ሼቨርስን በ1ኛው ዙር አስቆመው። ኖርተን በ1975 ኳሪን በ5ኛው ዙር አስቆመ። ሼቨርስ በ1979 ኖርተንን በ1ኛው ዙር ጣለው። ሮን ላይል ሼቨርስን በ6ኛው ዙር ጣለ፣ ያንግ ላይልን ሁለት ጊዜ በነጥብ አሸነፈ፣ ያንግን ደግሞ ሼቨርስ በ1973 በ3ኛው ዙር አስቁሞት ነበር። በዚህ መንገድ ከሄድን የፈለግነውን ሰው ከፈለግነው ሰው በላይ ማስቀመጥ እንችላለን።

አሊ ከፍሬዚየር ጋር በሦስት ግጥሚያ 41 ዙር፣ ከኖርተን ጋር በሦስት ግጥሚያ 39 ዙር ተፋልሟል። ፎርማን ሁለቱን መጀመሪያ ሲገጥማቸው አራት ዙር እንኳ አልሞላበትም። ልዩነቱን የፈጠረው የጡንቻ ብዛት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጸሐፊው ልክ ነበሩ። የፈጠረው ግን የስልት መግጠምና አለመግጠም ነው፤ ይህንንም እያንዳንዱ ሰው እጁንና እግሩን እንዴት ይጠቀም እንደነበር በማየት ማሳየት ይቻላል።

ከፍሬዚየር እንጀምር። ቁመቱ 1 ሜትር ከ82 ገደማ፣ ክብደቱ አሊን መጀመሪያ በገጠመበት ቀን 93 ኪሎ ነበር። በዚህ ቁመት ከረጃጅሞቹ ጋር ቆሞ ጃብ (በፊተኛው እጅ የሚላክ ቀጥታ ቡጢ) መለዋወጥ አያዋጣውም። ስለዚህ ከጉልበቱ እየታጠፈ፣ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ከጃቡ ሥር ይገባል፤ ከገባ በኋላ ጎን ጎኑን ደብድቦ የግራ ሁኩን (ከጎን ዞሮ የሚመጣ ቡጢ) ወደ አገጭ ያነሣዋል። የዚህ ስልት ማርከሻ ከሥር ወደ ላይ የሚመጣ አጭር አፐርካት ነው። አሊ ይህን ቡጢ በወጉ አይችልበትም ነበር። ያኔ የፍሬዚየር አሠልጣኝ የያንክ ደርሃም ረዳት የነበረው ኤዲ ፈች፣ አሊ ቀኝ አፐርካት ሊሰነዝር ሲል ቀጥ ብሎ እንደሚቆምና ቀኝ እጁ ወርዶ ጉንጩ ባዶ እንደሚቀር አስተዋለ። ፍሬዚየርም በዚያች ቅጽበት ግራ ሁክ እንዲወረውር አስለመደው። ማርች 8 ቀን 1971 በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ በ15ኛው ዙር አሊን በጀርባው ያስተኛው ሁክ የዚህ ልምምድ ውጤት ነው።

ፎርማን ግን አፐርካቱ ነበረው፣ ያውም በሁለቱም እጁ። ከዚያም በላይ የተጋጣሚውን ትከሻ በመዳፉ እየገፋ ርቀቱን ራሱ ይመርጥ ነበር፤ ይህን ልማዱን ብዙ ዳኞች እያዩ ያልፉታል። ጃንዋሪ 22 ቀን 1973 ጃማይካ፣ ኪንግስተን ላይ ፍሬዚየር ካጎነበሰበት ቀና ሲል ቡጢው መንገድ ላይ ይጠብቀው ነበር፤ በሁለት ዙር ስድስት ጊዜ ወደቀ። ይህ ፎርማን ለፍሬዚየር የማይመች ሰው መሆኑን በሚገባ ያሳያል። ከአሊ መብለጡን ግን አያሳይም፤ አሊ አጎንብሶ የሚገባ ቦክሰኛ አይደለምና።

የኖርተን ጉዳይ ይበልጥ ይገርማል። ኖርተን ግራ ክንዱን ሆዱና ደረቱ ላይ አጋድሞ፣ ቀኝ ጓንቱን አገጩ አጠገብ ከፈት አድርጎ ይይዛል፤ የኋላ እግሩን እየጎተተ ወደፊት ይገፋል። መልክ የለውም። ፈች እሱንም ያሠለጥን ስለነበር ለአሊ የሠራለት ዕቅድ ቀላል ነበር። አሊ ጃብ ሲሰነዝር ሌላው ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ይላል ወይም ጭንቅላቱን ያሸሻል፤ አሊም የለመደው ይህንኑ ነው። ኖርተን ግን አልሸሸም፤ የአሊን ጃብ በተከፈተው ቀኝ ጓንቱ አገጩ ፊት ለፊት ይቀልበውና በዚያው ቅጽበት የራሱን ጃብ ይልካል። የአሊ ቀኝ እጅ ያን ጊዜ በቦታው ስለማይኖር ጃቡ ፊቱ ላይ ያርፋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም አሊ አንድ አንድ እርምጃ እያለ ገመዱ ላይ ይደርሳል፤ ገመዱ ላይ ሲደርስ ደግሞ ኖርተን ጭንቅላቱን ትቶ ጎኑን ይመታል። ማርች 31 ቀን 1973 ሳንዲያጎ ላይ መንጋጋ ተሰብሮ 12 ዙሩ በኖርተን አሸናፊነት የተጠናቀቀው በአንዲት የዕድል ቡጢ ሳይሆን በዚህ አካሄድ ነው።

ይኸው ስልት ፎርማን ፊት ለምን ፈረሰ? ኖርተን ስልቱ የሚሠራለት ተጋጣሚው ወደ ኋላ ሲሄድለት ብቻ ስለሆነ ነው። ፎርማን ወደ ኋላ አይሄድም። ኖርተን ራሱ ሲገፋ ደግሞ የሚጎትተው እግር መሄጃ ያጣል፣ ሰውነቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የተጋደሙት ክንዶቹ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ቢመክቱም ከጎን ዞሮ የሚመጣውን ሰፊ ሁክ አይመክቱም። ሼቨርስ በ1979፣ ጌሪ ኩኒ በ1981 ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ሁለቱም በ1ኛው ዙር ጨርሰውታል፤ ኩኒ 54 ሰከንድ ብቻ ነው የፈጀበት። ኖርተን ማለት ከባድ መቺ ወደ ኋላ ከገፋው የሚፈርስ፣ ካልተገፋ ግን ማንንም የሚያስጨንቅ ቦክሰኛ ነው። ይህን «ደካማ አገጭ» በሚል ሁለት ቃል መዝጋት የ39ኙን ዙር ሥራ መካድ ነው።

አሁን ወደ ኪንሻሳ። ግጥሚያው የተያዘው ለሴፕቴምበር 25 ቀን 1974 ነበር፤ ፎርማን ልምምድ ላይ ዐይኑ አካባቢ ስለተሰነጠቀ ወደ ኦክቶበር 30 ተዛወረ። ሰዓቱ ለአሜሪካ ተመልካች እንዲመች ሲባል በኪንሻሳ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ግድም ተደረገ፤ አዲስ አበባ ላይ ጎህ የሚቀድበት ሰዓት መሆኑ ነው። ለእያንዳንዳቸው የተመደበው 5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ፎርማን 25 ዓመቱ፣ አሊ 32። ፎርማን 40 ተጋጥሞ 40ውንም አሸንፏል፣ 37ቱን በዝረራ። ደረጃ አውጪዎች ልብ የማይሉት ቁጥር ግን ሌላ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ስምንት ግጥሚያዎቹ በሙሉ ሁለተኛውን ዙር አላለፉም። ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ሦስተኛ ዙር ምን እንደሚመስል አላየም ማለት ነው። በሞቃትና እርጥብ አየር፣ ለስላሳ ወለል ላይ ስድስተኛና ሰባተኛ ዙር ሲመጣ ትንፋሹን እንዴት እንደሚያከፋፍል ከየት ያውቃል?

«የላላ ገመድ» የሚለውን ወሬ የአሊ አሠልጣኝ አንጄሎ ዳንዲ ሲጠየቅ ኖሯል፤ መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ ገመዱን ልናጠብቀው ሞከርን እንጂ አላላላነውም። ለመሆኑ አሊ ከመጀመሪያው ገመድ ላይ ለመደገፍ አስቦ ቢመጣ ኖሮ 1ኛውን ዙር እንዴት በዚያ መልክ ይጀምረዋል? 1ኛው ዙር ላይ አሊ መሐል ሜዳ ላይ ቆሞ ቀጥታ ቀኝ ይወረውራል፤ ጃብ ሳያስቀድም፣ በባዶው። ቀኝ እጅ ከኋላ ትከሻ ስለሚነሣ ረጅም መንገድ ይጓዛል፣ ሲስት ደግሞ ሰውዬውን ባዶውን ያስቀረዋል፤ ስለዚህ በሻምፒዮን ላይ እንዲህ አይወረወርም፣ የልምምድ ጓዶችም አይወረውሩትም። ፎርማን ያልተዘጋጀበትም ለዚህ ነው። ተደጋግሞ አረፈበት፣ ተናደደ፣ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ቡጢ ለመጨረስ ብሎ መሰንዘር ጀመረ።

አሊ ወደ ገመዱ የሄደው በ2ኛው ዙር ነው፤ ምክንያቱም የሒሳብ ነው። ፎርማን ሜዳውን መቁረጥ ያውቅበታል፤ አሊ ለመሸሽ ብዙ እርምጃ ሲያወጣ ፎርማን በጥቂት እርምጃ ይደርስበታል። በዚያ ወለል ላይ በዚህ ዓይነት 15 ዙር መሮጥ አይቻልም። ስለዚህ ቆመ። የቆመው ግን እንዴት ነው? ክርኖቹ ጎኑ ላይ ተጣብቀዋል፣ ጓንቶቹ ጆሮና ጉንጩን ሸፍነዋል፣ ወገቡ ገመዱ ላይ ሆኖ ትከሻው ከሜዳው ውጭ ያዘነብላል። በዚህ አቋም የፎርማን ሰፊ ሁክ ክንድና ክርን ላይ ነው የሚያርፈው፤ ፊት ላይ ለማሳረፍ ፎርማን ራሱ ወደፊት መንጠራራት አለበት። በተንጠራራ ቁጥር አሊ አንገቱን ይዞ ወደ ታች ይጫነዋል። ይህን ደንቡ አይፈቅድም፤ ዳኛው ዛክ ክሌይተንም ነጥብ አልቀነሰበትም፤ ጸሐፊው ቅሬታ ካላቸው በገመዱ ሳይሆን በዚህ ላይ ቢያቀርቡ ይሻል ነበር። 100 ኪሎ የሚመዝን ሰው በየዙሩ ደጋግሞ አንገቱ ላይ ሸክም ሲጫንበት እግሩ ይሟሽሻል።

ከዚህ በላይ ደግሞ አሊ ገመዱ ላይ ሆኖ ዝም ብሎ አልተመታም። በየዙሩ መጨረሻ ሠላሳ ሰከንድ አካባቢ አጫጭር ቀጥታ ቡጢዎችን ይመልሳል፤ 5ኛውን ዙር ተመልከቱት፤ ፎርማን ከሁሉም ዙር በላይ የደበደበበት ነው፣ ዙሩ ሊያልቅ ሲል ግን ጭንቅላቱ ወደ ኋላ የሚላጋው የፎርማን ነው። 8ኛው ዙር ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩ የመጣው ግራ ሁክ የፎርማንን ጭንቅላት ወደ ቀኙ መንገድ አምጥቶ አስቀመጠለት፣ ቀኙም ጨረሰው። 2 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ። እስከዚያ ድረስ በሦስቱም ዳኞች የነጥብ ወረቀት ላይ የሚመራው አሊ ነበር። ገመድ ላይ ተኝቶ በአንድ ቡጢ ያመለጠ ሰው በሦስት ወረቀት አይመራም።

የነጥብ ነገር ከተነሣ፣ ያን ዘመን የሚከራከር ሰው ሁሉ አሊና ኖርተን ሴፕቴምበር 28 ቀን 1976 በያንኪ ስታዲየም ያደረጉትን ሦስተኛ ግጥሚያ ራሱ ነጥብ ሰጥቶ ቢያየው ጥሩ ነው። የተቆራረጠው አይሆንም፤ 15ቱም ዙር ያለበትን ፊልም ፈልጉ። ተንታኞቹ ለአሊ ስለሚያደሉ ድምፁን አጥፉ። ወረቀት ላይ 15 መስመር አስምሩ፣ በየዙሩ መጨረሻ ፊልሙን አቁማችሁ አሸናፊውን ጻፉ፣ ኋላ ተመልሳችሁ አትሰርዙ። ጓንት ላይና ክንድ ላይ ያረፈውን አትቁጠሩ። ወደፊት መሄድ ብቻውን ነጥብ አይደለም፤ ኖርተን አንዳንዴ ሳይመታ ይገፋልና። ከሁሉ በላይ የዙሩ መጨረሻ ሃያ ሰከንድ እንዳያታልላችሁ፤ አሊ ሁለት ደቂቃ ተኩል አርፎ በመጨረሻ በፈጣን እጅ ዐይን የሚሰርቅባቸው ዙሮች ብዙ ናቸው፣ ከእነዚያ ቡጢዎች ግማሹ አየር ላይ ነው የሚቀረው። በዚህ ዓይነት ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ኖርተንን ስምንት ወይም ዘጠኝ ዙር ሲሰጠው ይገኛል።

ዳኞቹ ግን ለአሊ ሰጡት፤ ሁለቱ 8 ለ7፣ አንዱ 8 ለ6 አንድ ዙር እኩል። በኒውዮርክ ያኔ ነጥብ የሚሰጠው በዙር ነበር፤ ለጥቂት የተወሰደ ዙርም፣ በድብደባ የተወሰደ ዙርም እኩል አንድ ነው፤ መሐል ሜዳ የነበረው ዳኛም ወረቀት ይይዛል። ሁለቱ ዳኞች 15ኛው ዙር ሲጀመር እኩል ለእኩል ይዘዋቸው ነበር። የኖርተን ጥግ (አሠልጣኞቹ) ግን እየመራህ ነው ብሎት ኖርተን የመጨረሻውን ዙር በጥንቃቄ አሳለፈው፤ አሊም ወሰደው። ጁን 9 ቀን 1978 ደግሞ ከሆልምስ ጋር ያው ታሪክ ተደገመ፤ ሁለት ዳኞች 143 ለ142 ለሆልምስ፣ አንዱ 143 ለ142 ለኖርተን። አስር ነጥብ በሚሰጠው ስሌት 143 ለ142 ማለት 8 ዙር ለ7 ማለት ነው። እንግዲህ ኖርተን ለሻምፒዮንነት ከተጋጠመባቸው ሦስት ግጥሚያዎች ሁለቱን ያጣው በአንድ በአንድ ዙር ነው፤ ሦስተኛው ካራካስ ነው። ቀበቶውን ያገኘው ሊዮን ስፒንክስ (አሊን አሸንፎ ሻምፒዮን የሆነው ቦክሰኛ) ከእሱ ጋር ከመጋጠም ይልቅ ከአሊ ጋር ሁለተኛ መጋጠምን ስለመረጠ፣ ያንግን ባሸነፈበት ግጥሚያ ምክንያት ተሰጥቶት ነው። ለሻምፒዮንነት የተደረገ ግጥሚያ አንድም ሳያሸንፍ ሻምፒዮን የተባለ መሆኑን ጸሐፊው እንደ ነቀፋ አንሥተውታል። የጎደለው ሁለት ዙር መሆኑን ግን አልጻፉም።

ስለ ዙር ብዛት አንድ ነገር። የዛሬ የሻምፒዮንነት ግጥሚያ 12 ዙር ነው፤ በ1982 የደቡብ ኮሪያው ዱክ ኩ ኪም ከተጎዳበትና ከሞተበት ግጥሚያ በኋላ የቦክስ ማኅበራቱ ተራ በተራ ከ15 አወረዱት። ስለዚህ የዚያን ዘመን ሰው ከዛሬው ጋር ሲያወዳድሩ የሚጠፋው 9 ደቂቃ ነው፣ እነዚያ 9 ደቂቃዎች ደግሞ ቀልድ አልነበሩም። የፍሬዚየር ሁክ 15ኛው ዙር ላይ ነው ያረፈው። ኦክቶበር 1 ቀን 1975 ማኒላ አጠገብ፣ ኬዞን ሲቲ ውስጥ ፈች ፍሬዚየርን ከአሊ ጋር እንዳይቀጥል ያስቀረው 14ኛው ሲያልቅ ነው፤ ሰዓቱ ረፋድ ስለነበር አዳራሹ እንደ ምድጃ ይፋጅ ነበር፤ የፍሬዚየር ዐይኖች ተዘግተው የአሊን ቀኝ ማየት አቅቶት ነበር። ሆልምስ ኩኒን በ1982 የጨረሰው በ13ኛው ነው። በ12 ዙር ልማድ ዐይን ስናያቸው እነዚህ ሰዎች ቀርፋፋ የሚመስሉን ለሌላ ርቀት የተዘጋጁ ስለሆኑ ነው።

ጂሚ ያንግን ስለመዝለል ግን ዝም ማለት አልችልም። ያንግ ጡጫው ቀላል ነው፣ ለዐይንም አይማርክም፣ ለዚህም ነው የሚረሳው። ሥራው ማስመሰል ነበር፤ በትከሻው ቡጢ የሚልክ አስመስሎ ተጋጣሚው ሲንቀሳቀስ ይመታዋል፣ ሊመታ የመጣውን ደግሞ ጎን ብሎ ያሳልፈዋል። ኤፕሪል 30 ቀን 1976 ሜሪላንድ፣ ላንዶቨር ላይ 104 ኪሎ ሆኖ የመጣውን አሊን 15 ዙር ሲያስቸግረው ዋለ፤ ብዙ ሰው ያንግ አሸንፏል ይላል። እኔ አልልም። ያንግ ሲጨንቀው ጭንቅላቱን በገመዶቹ መሐል ወደ ውጭ የማውጣት ልማድ ነበረው፤ ዳኛው እንዲገላግለው ነው። አንድ ጊዜ እንዲያውም ዳኛው ቆጠራ ጀምሮበታል። ሻምፒዮንነት ሊነጥቅ የመጣ ሰው ከሜዳው አንገቱን እያወጣ ነጥብ ይሰጡኛል ብሎ መጠበቅ የለበትም። ሳን ሁዋን ላይ ግን እንዲህ አላደረገም። ፎርማን በ7ኛው ዙር በጣም ጎድቶት ነበር፤ የኪንሻሳው ፎርማን ቢሆን ይጨርሰው ነበር። የ1977ቱ ፎርማን ግን በአሠልጣኙ ጊል ክላንሲ ሥር ትንፋሽ መቆጠብ ተምሮ ስለመጣ ቆጠበ። ያንግ ነፍሱ ተመለሰች፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ዙሮች አንድ በአንድ ለቀማቸው። ኪንሻሳ ያስተማረው ትምህርት ሳን ሁዋን ላይ ጎዳው ማለት ነው። ፎርማን ከዚያ ግጥሚያ በኋላ ቦክስን ትቶ ሰባኪ ሆነ፤ አሥር ዓመት አልተመለሰም።

ሆልምስን በተመለከተ፣ «ባዶ ቤት» የሚለው ከፊሉ እውነት ነው። አሊን ኦክቶበር 2 ቀን 1980 ማሸነፉን ማንም እንደ ማስረጃ ሊያቀርበው አይገባም፤ አሊ 38 ዓመቱ ነበር፣ ዳንዲ ከ10ኛው ዙር በኋላ ያስቆመው ግጥሚያ ቦክስ ለመባል የሚበቃ አልነበረም። ሆልምስ በ1980ዎቹ ከሌላኛው ማኅበር ሻምፒዮኖች ጋር ቀበቶ አለማዋሐዱም ጉድለት ነው። ሆኖም ግራ ጃቡ በክብደት ሚዛኑ ከታዩት ሁሉ ምርጡ ነው ብል የሚከራከረኝ ብዙ አይኖርም፤ የአሊ ጃብ ፈጣን ነበር፣ የሆልምስ ግን ፈጣንም ከባድም ነው፣ ሲመለስም አገጩን ሳይገልጥ ይመለሳል። ሴፕቴምበር 28 ቀን 1979 በ7ኛው ዙር የሼቨርስ ቀኝ ወለል ላይ ዘርግቶት ሳለ ተነሥቶ ዙሩን ጨርሶ በ11ኛው ያሸነፈበትን ያየ ሰው በቀላሉ ወራሽ አይለውም። ሼቨርስ ካሸነፋቸው 74 ግጥሚያዎች 68ቱን በዝረራ የጨረሰ መቺ ነው። ሆልምስ 48 ጊዜ ተከታትሎ አሸንፎ፣ ክብሩን 20 ጊዜ አስጠብቆ ነው በሴፕቴምበር 1985 በማይክል ስፒንክስ የተሸነፈው።

ታዲያ የኔ ደረጃ ምንድነው ለሚል፦ ለ1970ዎቹ አሊ አንደኛ ነው፤ አምስቱንም ዓይነት ተጋጣሚ፣ ማለትም ጎንባሹን፣ መቺውን፣ ገፊውን፣ አስመሳዩንና ወጣቱን ገጥሞ፣ በእያንዳንዳቸው ላይ ቢያንስ አንድ ድል ያስመዘገበ ሌላ ሰው የለም። ሁለተኛና ሦስተኛው ፎርማንና ፍሬዚየር ናቸው፤ በማንኛውም ቅደም ተከተል ቢያደርጓቸው አልጣላም፤ እኔ ፍሬዚየርን አስቀድማለሁ፣ የ1971ዱ አሊ የ1974ቱን አሊ ይበልጥ ነበርና። አራተኛው ሆልምስ፣ አምስተኛው ኖርተን። ከዚያ በታች ያንግ፣ ላይል፣ ኳሪና ሼቨርስ እርስ በርስ የተጠላለፉ ናቸው። ፎርማን ኖቬምበር 5 ቀን 1994 በ45 ዓመቱ ማይክል ሙረርን በ10ኛው ዙር መጣሉ ለሌላ ዘመን ደረጃ ይያዝለት፤ የኪንሻሳውን ቁምጣ ለብሶ፣ ዳንዲን ጥጉ ላይ ይዞ ስላደረገው ግን ጽሑፋችሁ ሊያነሣው ይገባ ነበር።

በመጨረሻ ስለ ፎቶው። ከጽሑፉ ጋር የወጣው፣ አሊ ክንዱን አጥፎ ወለል ላይ በተዘረረው ሶኒ ሊስተን ላይ ሲጮህ የሚታይበት ፎቶ ሥር «አሊ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን የሆነበት ምሽት» ተብሏል። ያ ምሽት ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1964 ማያሚ ቢች ነው፤ ሊስተን ያኔ አልወደቀም፣ 7ኛው ዙር ሲጠራ ከወንበሩ አልተነሣም። ፎቶው የሁለተኛው ግጥሚያቸው ነው፤ ሜይ 25 ቀን 1965፣ ሜይን ግዛት፣ ሉዊስተን ከተማ፣ 1ኛው ዙር። በሚቀጥለው እትም እንድታርሙት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ አዲስ አበባ